በፍልሰታ ለሚውል የልጅ ልደት ምን ቋጥረን እንሸኝ?

ጥያቄ፦ «ልጄ ነሐሴ 9 ቀን፣ ቅዳሜ፣ 5 ዓመት ይሞላዋል። የጠራናቸው ልጆች 24 ናቸው፤ ትንሿ 2 ዓመቷ ነው፣ ትልቁ 9። አምና ሲሄዱ ለእያንዳንዳቸው 12 ከረሜላ፣ 2 ማስቲካና 1 ቸኮላት የያዘ ከረጢት ሰጠኋቸው። ከግቢ ሳይወጡ ግማሹ ተበልቶ አለቀ፣ ወላጆቹም ብዙ ደስ ያላቸው አልመሰለኝም። ዘንድሮ ደግሞ ልደቱ ጾም ላይ ዋለ። ከተጠሩት ውስጥ የሁለት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ልጆች አሉ። አንዷ ልጅ ደግሞ ለውዝ እንደማይስማማት እናቷ ነግራኛለች። ኦቭን ስላለኝ ቤት ሠርቼ ብሰጥ ደስ ይለኛል፤ ቆጠበች እንዳልባል ግን እፈራለሁ። ምን ላድርግ?» — እናት፣ ከሰሚት

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣

ለጾመኛው አንድ፣ ለሙስሊሙ አንድ፣ ለውዝ ለማይስማማት ልጅ ሌላ ከረጢት ላዘጋጅ ካሉ ቅዳሜ ከሰዓት መምታታቱ አይቀርም። ልጆች ከረጢታቸውን ወዲያው ከፍተው ይለዋወጣሉ፤ የትኛው የማን እንደነበር በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ በጣም ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው ልጆች ይነሱ። ለእነሱ የሚሆነው ለሁሉም ይሆናል።

የእኛ ምርጫ ለሁሉም ልጅ አንድ ትንሽ ሙልሙል፣ 4 ዓመት ላለፋቸው ደግሞ በተጨማሪ አንድ እፍኝ ዳቦ ቆሎ ነው። ሁለቱም በዘይት ስለሚሠሩ የጾም ናቸው፤ ሙስሊሙም ይበላቸዋል፤ በእጅዎ ስለሚያቦኳቸው ውስጣቸው ምን እንዳለ ያውቃሉ። ነሐሴ 9 ደግሞ ከቡሄ 4 ቀን ቀድሞ የሚውል ነው። በዚያ ሰሞን ልጅ ዳቦ ይዞ ከሰው ቤት ቢወጣ «ቆጠበች» የሚል ሰው አይገኝም፤ እንዲያውም አስታወሰችልን ይላሉ።

ሌላውን ለምን እንደተውነው እንንገርዎ፤ ሱቅ ገብተው ሲመርጡ ይጠቅምዎታል። መጀመሪያ የሚወድቀው ጄሊ ከረሜላና ማርሽማሎው ነው። አብዛኛው የሚረጋው በጀላቲን ነው፤ ጀላቲን ደግሞ ከእንስሳ ቆዳና አጥንት የሚወጣ ስለሆነ ለጾመኛ አይሆንም። ከአሳማ የተሠራም ሊሆን ስለሚችል ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም፣ ጾም ባይሆን እንኳ፣ አይፈልጉትም። ፓኬቱ ላይ በጀላቲን ፈንታ ፔክቲን ከተጻፈ ከፍራፍሬ የተገኘ ነውና ችግር የለውም። ቸኮላት ወተት አለበት፤ ጥቁር የሚባለውም ቢሆን ጀርባው ሳይነበብ አይገዛም። ብስኩትና ዌፈር ላይ ሰው የሚያልፈው ቃል «ዌይ» ነው፤ አጓት ማለት ነው፣ ያው ወተት ነው። ክሬም በመሃሉ ያለው ከረሜላም እንደዚሁ።

የአምናው ከረጢት ወላጆቹን ለምን እንዳላስደሰተ በቀላሉ ይሰላል። አንድ ደረቅ ከረሜላ 5 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ስኳር ነው። 12ቱ 60 ግራም ሆኑ። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ከ4 እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ19 ግራም በላይ የተጨመረ ስኳር እንዳይወስድ ይመክራል። በ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ ብቻ 30 ግራም ገደማ አለ፤ ኬኩን ገና አልቆጠርንም። ልጆቹ ከእርስዎ ቤት ሲወጡ የስኳር ድርሻቸውን አልፈው ነው የሚወጡት። የሚቋጠርላቸው ነገር ጣፋጭ መሆን የለበትም የምንለው ለዚህ ነው።

ስለ ለውዟ ልጅ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። «ለውዝ» ሲባል አንዱ ኦቾሎኒን ብቻ ያስባል፣ ሌላው አልመንድንና ካሹንም ይጨምራል። እናቷን ዛሬውኑ ደውለው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ኦቾሎኒ ብቻ ነው ወይስ ሌላም አለ፣ ሰሊጥና ሽምብራስ እንዴት ነው? ብናኙ ከነካው ምግብም መጠንቀቅ አለባት? ሲነሳባት ምን ትሆናለች፣ መድኃኒቷንስ ማን ይይዘዋል? ይህን የሚጠይቅ ሰው ስትሰማ እናቲቱ ቅር አትሰኝም፤ እፎይ ነው የምትለው።

ከዚያ በኋላ በገበያ የተዘጋጀ ቆሎ ይቅርብዎ። ኦቾሎኒውን ለቅመው ቢያወጡት እንኳ ቅርፊቱና ዱቄቱ ገብሱ ላይ ይቀራል፤ ሻጯም በአንድ ጣሳ ነው ሁሉንም የምትሰፍረው። ግብጦም አይግባ። የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው ሰውነት ግብጦንም እንደ ኦቾሎኒ ሊቆጥረው ይችላል፤ ሁለቱ ከአንድ የጥራጥሬ ወገን ናቸው። ሐላዋ ሰሊጥ ነው፣ ባቅላባ ደግሞ በለውዝ የተሞላ ነው፤ ሁለቱንም ይተዉ። ዘይቱ የሱፍ ይሁን፤ «የተደባለቀ» የሚል ጀሪካን አይግዙ። ከሐሙስ ጀምሮ እስከ ቅዳሜ ማታ ኦቾሎኒም የኦቾሎኒ ቅቤም ከወጥ ቤት ወጥቶ አንድ ቦታ ይታሸግ። የልደቱ ጠረጴዛ ላይም አይቅረብ፤ ኦቾሎኒ የበላ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ኳስ ከወረወረላት ከረጢቱን ንጹሕ ማድረግዎ ብዙም አይረዳም።

ስለ ትንንሾቹ

ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ደረቅ ከረሜላና ያልተፈጨ ለውዝ 4 ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም። የመንጋጋ ጥርሱ ገና አልተሟላም ወይም ማኘኩን አልተካነም፤ የአየር ቧንቧው ጠባብ ነው፤ በዚያ ላይ እየሮጠና እየሳቀ ነው የሚበላው። ዳቦ ቆሎም ደረቅና ትንሽ ስለሆነ ከዚሁ ይመደባል። የ2 ዓመቷና እኩዮቿ ከረጢት ውስጥ ሙልሙል ብቻ ይግባ፤ ያነሰ እንዳይመስል ሁለት ያድርጉት። ከረጢቱ ከውጭ አንድ ዓይነት ሆኖ የትንንሾቹ በቢጫ፣ የትልልቆቹ በቀይ ክር ቢታሰር በር ላይ አይምታታብዎትም። ያልተነፋ ፊኛ ከረጢት ውስጥ የመክተት ልማድም አለ፤ ምግብ ባይሆንም ትንንሽ ልጆች አፋቸው ውስጥ ስለሚከቱትና ስለሚያንቃቸው እባክዎ ይቅር።

ታናናሾቻቸውን አዝለው የሚመጡ እናቶች ይኖራሉ። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር፣ በዳቦ ውስጥ ተጋግሮም ቢሆን፣ አይሰጥም። ማር በጾም ይበላልና ሊጡ ውስጥ ልጨምር ብለው አስበው ከሆነ በስኳር ይተኩት።

ሙልሙሉ

ለ30 ሙልሙል፦ የፉርኖ ዱቄት 1 ኪሎ፣ ለብ ያለ ውሃ 600 ሚሊ ሊትር፣ ደረቅ እርሾ 1 የሾርባ ማንኪያ፣ ስኳር 5 የሾርባ ማንኪያ፣ ዘይት 4 የሾርባ ማንኪያ፣ ጨው 2 ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ ጥቁር አዝሙድ 1 የሻይ ማንኪያ። ስድስቱ ትርፍ ለትንንሾቹ ሁለተኛ ሙልሙልና ሳይጠሩ ተከትለው ለሚመጡ ወንድምና እህቶች ነው፤ እነሱ የማይመጡበት ልደት የለም።

ውሃው እጅ አንጓ ላይ ጠብ ሲል የሚለበልብ ከሆነ እርሾውን ይገድለዋል፤ ለብ ያለ ብቻ ይሁን። 10 ደቂቃ ያሹት። ሊጡ መጀመሪያ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ ዱቄት ከመጨመር ይልቅ እጅዎን ዘይት ነክተው ይቀጥሉ። ዱቄት በዛ ማለት ማግስቱን ድንጋይ የሚሆን ዳቦ ማለት ነው። ከድነው ያስቀምጡት። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ሊጥ ከቆላ ይልቅ ቶሎ ይነፋል፤ የነሐሴ ብርድ ግን ያዘገየዋል። ሰዓት አይመኑ፣ ሊጡን ይዩ። እጥፍ ሲሆንና ጣትዎን አስገብተው ሲያወጡ ጉድጓዱ ቀስ እያለ ሲሞላ ደርሷል። ከዚያ በላይ ከቆየ ኦቭን ውስጥ መሃሉ ይሰምጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው 30ውን በአንዴ ድቡልቡል አድርጎ በመደርደር ነው። ኦቭንዎ አንድ ትሪ ብቻ የሚያበስል ከሆነ ሁለተኛው ትሪ ተራውን ሲጠብቅ ከልኩ በላይ ይነፋል። ሊጡን ለሁለት ይክፈሉ፤ ግማሹን 15 ቦታ ቆርጠው ሞላላ አድርገው ይደርድሩ፣ ሌላውን ግማሽ ከ20 ደቂቃ በኋላ ይጀምሩት። እያንዳንዱ ቁራጭ ጥሬውን 58 ግራም ይምጣ፤ ሚዛን ከሌለዎት ከእንቁላል ትንሽ ከፍ ያለ። ትሪው ላይ 30 ደቂቃ አሳርፈው በ200 ዲግሪ ከ15 እስከ 18 ደቂቃ ያብስሉ። ታቹን ሲያንኳኩት ባዶ እንደሆነ ነገር ከጮኸ በስሏል። ኮባ ካገኙ እሳት ላይ አለዝበው ከሥር ቢያነጥፉት ሽታው ሌላ ነው።

እንቁላል መቀባት ስለማይቻል ፊቱ ደብዘዝ ይላል። ዘይት አይቀቡት፤ የወረቀት ከረጢቱ ላይ ቅባት ያወጣና ልጁ ቤቱ ሳይደርስ ከረጢቱ ይቀደዳል። 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር በ3 የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ በጥብጠው ከኦቭን እንደወጣ በስሱ ይቀቡት። ይደርቅና ያብረቀርቃል።

ከዚያ ማቀዝቀዝ። ሰፌድ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፈው፣ ሳይደራርቡ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይተዉት። ጀርባው ጉንጭ ላይ ሲነካ ምንም ሙቀት ሳይሰማ ነው የሚታሸገው። ሙቁን ከቋጠሩት እንፋሎቱ መውጫ ያጣና ቆዳው ይረጥባል፤ በክረምት አየር በሁለት ቀን ውስጥ ይሻግታል።

ዳቦ ቆሎው

ለ20 ልጅ፣ ለእያንዳንዱ 30 ግራም፦ ዱቄት 500 ግራም፣ ስኳር 75 ግራም፣ ጨው 1 የሻይ ማንኪያ፣ የተፈጨ ኮረሪማ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ዘይት 5 የሾርባ ማንኪያ፣ ውሃ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ። እርሾ አይገባም፤ ከገባ ውስጡ ባዶ ይሆንና ሲታሸግ ይፈረፈራል። ዘይቱን መጀመሪያ ከዱቄቱ ጋር በጣትዎ ይሹት፣ ከዚያ ውሃውን ጥቂት በጥቂት። ጠንከር ያለ ሊጥ ነው የሚፈለገው። 20 ደቂቃ አሳርፈው በእርሳስ ውፍረት ያድቦልቡሉት፤ በመቀስ 1 ሴንቲ ሜትር እያደረጉ ይቁረጡ። እኩል አለመቁረጥ ዋናው ጥፋት ነው፦ ቀጭኑ ሲያር ወፍራሙ ገና ጥሬ ነው። የተረፈውን ዱቄት በወንፊት ነፍተው ያራግፉ፣ አለዚያ እሱ ቀድሞ አርሮ ያመርረዋል።

በ180 ዲግሪ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ፣ በየ8 ደቂቃው ትሪውን እየነቀነቁ። ምጣድ ላይ ከሆነ መካከለኛ ሙቀት ላይ እጅዎን ሳያሳርፉ ያማስሉ። ወርቃማ ሆነ ብለው አይመኑት። አንድ ወፍራም መርጠው ያቀዝቅዙና ይስበሩት፦ ቀጭ ካለ ደርቋል፤ ከታጠፈ ወይም መሃሉ ነጣ ብሎ ከለሰለሰ በ120 ዲግሪ ሌላ 15 ደቂቃ ይፈልጋል። ያ ያልደረቀ እምብርት ነው ማግስቱን እርጥበቱን ወደ ቅርፊቱ እየሰደደ ሁሉንም የሚያለሰልሰው። ስኳሩን ከዚህ በላይ አይጨምሩ፤ ሳይደርቅ ይጠቁርብዎታል።

ነሐሴ ላይ በክፍት ሳህን የተቀመጠ ዳቦ ቆሎ ቶሎ ይለዝዛል። እንደቀዘቀዘ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ ይግባ።

አስተሻሸጉ

ሁለቱ ምግቦች ጠባያቸው ተቃራኒ ነው። ሙልሙል መተንፈስ ይፈልጋል፤ ዳቦ ቆሎ አየር እንዳይነካው ይፈልጋል። አንድ ከረጢት ውስጥ ልቅ አድርገው ከጨመሯቸው የሙልሙሉ እርጥበት ወደ ዳቦ ቆሎው ይሄዳል፤ ማታ ላይ አንዱ የደረቀ፣ ሌላው የለዘዘ ሆኖ ይገኛል። ዳቦ ቆሎውን በትንሽ ሴሎፎን አየሩን አስወጥተው ጥብቅ አድርገው ይሰሩት፤ ሙልሙሉን በናፕኪን ጠቅልሉት፤ ከዚያ ሁለቱንም ወረቀት ከረጢት ውስጥ። ሙዝ ልጨምር ካሉ ከረጢቱ ውስጥ አይሁን፤ ይጨፈለቃል፣ ዳቦውም ሙዝ ሙዝ ይላል። በር ላይ በቅርጫት አስቀምጠው የፈለገ ይውሰድ።

በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ ቁራጭ ወረቀት ይለጠፍ፦ «የጾም ነው። ስንዴ አለበት። ወተት፣ እንቁላልና ኦቾሎኒ አልገባበትም።» ሰሊጥ ተጠቅመው ከሆነ ይጻፉት። ልጁ ስሙን መጻፍ ከጀመረ ወረቀቱ ላይ በራሱ እጅ ይጻፍበት። ፊደሉ ቢጣመምም ከማንኛውም ሪባን የተሻለ ጌጥ ነው።

ጊዜውን እንዲህ ቢከፋፍሉት ይመቻል። ሐሙስ ማታ ዳቦ ቆሎው። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሊጡን ካቦኩ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ሙልሙሉ ሁሉ ከኦቭን ይወጣል፣ 6 ሰዓት ላይ ይታሸጋል። ኬኩና ሌላው ምግብ ቤት ከመግባቱ በፊት ከረጢቶቹ ታስረው ከጠረጴዛው ርቀው ይቀመጡ። ዝግጅቱን 9 ሰዓት ላይ ቢያደርጉት ቅዳሴ የሚያስቀድሱትም ተረጋግተው ይደርሳሉ። ከረጢቱ የሚሰጠው ሲወጡ ነው፣ በአንድ ትልቅ ሰው እጅ። የለውዟን ልጅ ከረጢት ለራሷ ሳይሆን ለእናቷ ይስጡ፤ ምን ምን እንደገባበትም በቃል ይንገሯት።

መጋገሩ ካልተመቸዎት ከሰፈር ዳቦ ቤት 50 ግራም የሚመጣ 30 ትንንሽ ዳቦ ማዘዝ ይቻላል። ሲያዙ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ኦቾሎኒና ሰሊጥ ይገባበት እንደሆነ አንድ በአንድ ይጠይቁ። «የጾም ነው» የሚለው መልስ ወተቱን እንጂ ኦቾሎኒውን አይመልስም። ከዳቦው ጋር በታሸገ ፓኬት የተገዛ ቴምር፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት፣ ፍሬው ወጥቶ ቢጨመር ያምራል። በኪሎ የሚሰፈረው ቴምር ከለውዝ ጎን ስለሚቀመጥ አይሆንም። ለትንንሾቹ ደግሞ በቁመቱ ለአራት ይሰንጠቅ።

ልጅዎ ከረሜላ ካልኖረ ብሎ ካስቸገረ 4 ዓመት ላለፋቸው አንድ የእንጨት ከረሜላ በቂ ነው፤ ክሬምና ወተት የሌለበት፣ ተቀምጠው የሚበሉት።

የተረፈውን ሙልሙል ቅዳሜ ማታውኑ በፕላስቲክ ጠቅልለው ፍሪዘር ይክተቱት። በ150 ዲግሪ 8 ደቂቃ ሲሞቅ ትኩስ እንደወጣ ይሆናል፤ ማክሰኞ ማታ የሰፈር ልጆች «ሆያ ሆዬ» እያሉ በር ሲመጡ የሚሰጥ አያጡም።